ምጣዱ ሊጥ አይጠብቅ፦ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሳምንት እንጀራ የመጋገር ዝርዝር መመሪያ

በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ቁጠባ የሚጀመረው አምፖል በማጥፋት ነው። መብራት ረስቶ የወጣ ልጅ ይገሠጻል፣ ሬዲዮ ከሶኬት ይነቀላል። በዚያው ሰዓት ኩሽና ውስጥ ምጣዱ ተሰክቶ እየጋለ ነው፤ ሊጡ ግን ገና አልቀጠነም፣ ሰፌዱ ከጎረቤት አልተመለሰም፣ ማሰሻው የት እንደገባ አይታወቅም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ባዶውን 15 ደቂቃ ሲቆይ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ ባለ 9 ዋት አምፖልን በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት እያበሩ 19 ምሽት ማሳለፍ የሚያስችል ፍጆታ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠይቁትና ወደ ምጣዱ እንምጣ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፦ ሊጥ ምጣድን ይጠብቃል፣ ምጣድ ሊጥን አይጠብቅም። መጠኖቹ ለ3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት የተሰሉ ናቸው። እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ እጃችሁ ከ15 እስከ 20 እንጀራ ይወጣዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ምጣዳችሁ ስንት እንደሚፈጅ እወቁ

በምጣዱ ጎን ወይም በእግሩ አካባቢ ዋቱ የተጻፈበት ምልክት ካለ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ነው። ምልክት ከሌለው ወይም የሰፈር ባለሙያ የሠራው ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ማቀዝቀዣውን ጨምሮ በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ።
2. ቆጣሪው ላይ ያለውን የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ከነነጥቡ ጻፉ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ቁልፉን ስትጫኑ የተለያዩ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ጠቅላላ ፍጆታን ወይም ቀሪውን ኪሎዋት ሰዓት የሚያሳየውን ያዙ። የሁለቱም ልዩነት አንድ ነው።
3. ምጣዱን ለ6 ደቂቃ ብቻ አብሩና ቁጥሩን እንደገና ጻፉ።
4. ልዩነቱን በ10 አባዙት። 0.35 ከወጣ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ማለትም በየሰዓቱ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል።

ይህን ሙከራ በጋገራ ቀን ካደረጋችሁት ሙቀቱም አይባክንም።

ገመዱንና ስፒናውን መርምሩ

ይህን አትዝለሉት። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው መጨረሻው ይኸው ነው። 4,000 ዋት ደግሞ 18 አምፔር ያልፋል። ስለዚህ፦

ምጣድን በማከፋፈያ ወይም በማራዘሚያ ገመድ በፍጹም አትሰኩ። የራሱ መስመር፣ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ መስመሩን 4 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ የመዳብ ሽቦ ባለሙያ ይዘርጋላችሁ። የመሬት ሽቦውም መያዙን አረጋግጡ። በእርጥብ እጅና በባዶ እግር ምጣድ ላይ የሚቆም ሰው የመሬት ሽቦ ከሌለው ምጣድ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከጋገራችሁ በኋላ አጥፍታችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ዳስሱት። ትኩስ ከሆነ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ግንኙነቱ ላልቷል። ያ ሙቀት ወደ ምጣዱ መድረስ የነበረበት ነው፤ መንገድ ላይ እየቀረ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ሳይጠገን ሁለተኛ አትጋግሩበት።

ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት አትጋግሩ። ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ላይ በሆነበት ሰዓት ኃይሉ ይደክማል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ምጣዱ ቀስ ብሎ ሲግል በጎኑና በሥሩ የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እኔ የምመርጠው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ቁርስ አልፏል፣ የምሳ ምድጃ አልተለኮሰም። የሚከተለው ቅደም ተከተል በዚህ ሰዓት ተሰልቷል፤ እናንተ እንደሚመቻችሁ ወደፊትም ወደኋላም አሽጋሽጉት።

ደረጃ 1፦ ማቡካት (ረቡዕ ማታ)

1. ዱቄቱን ንፉ። ቡሃቃው ከሊጡ እጥፍ የሚይዝ ይሁን፤ ልክ ሞልቶ የተቦካ ሊጥ ሌሊት ኩፍ ብሎ ወለሉ ላይ ይገኛል።
2. ግማሽ ሊትር እርሾ ጨምሩ። እርሾ ማለት ባለፈው ሊጥ ላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ ነው፤ በየጋገራችሁ አንድ ጠርሙስ እያስቀራችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩ። ከሌላችሁ ከጎረቤት ጠይቁ፤ ለዚህ የሚያፍር ሰው የለም።
3. ከ4 ሊትር ተኩል ውሃ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ አፍስሱና ጓል እስኪጠፋ በእጃችሁ እሹት፤ 10 ደቂቃ ሙሉ። ውሃውን በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሰው ጓሉን በኋላ በጣቱ ሲለቅም ይውላል።
4. የቀረውን ውሃ ጨምራችሁ አዋህዱ፣ የቡሃቃውን ጠርዝ በእርጥብ እጅ ጥረጉ፣ ክደኑ።

ጤፉ ለኪስ ከከበደ ከአራት እጅ አንዱን በሩዝ፣ በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት ተኩ። ከዚያ አብዝታችሁ ስትሄዱ እንጀራው በሁለተኛው ቀን መድረቅና መሰባበር ይጀምራል። በተለይ ሩዝ የበዛበት እንጀራ ዕለቱን ነጭና ያማረ ነው፤ በማግስቱ ግን ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል፣ የማይበላ እንጀራ ደግሞ ቁጠባ አይደለም። ድብልቁን በአንድ አራተኛ ጀምሩ፣ ቤተሰቡ ካላማረረ ጥቂት ጨምሩ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ አገር ሊጡ ሦስት ቀን ገደማ፣ በቆላ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ዓርብ ማታ ክዳኑን ክፈቱና እዩ፦ ሊጡ ወደ ታች ረግቶ ውሃው ከላይ ከጠለለ ደርሷል። ገና አረፋ እያወጣ ከሆነ ጋገራውን ለእሑድ አስተላልፉ። ያልደረሰ ሊጥ በምጣድ ላይ አይበስልም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ይበላል።

ደረጃ 2፦ አብሲት መጣል (ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት)

እንጀራቸው አልሆን ያላቸው ሰዎች ሲጠይቁኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ አብሲት፣ ማለትም ተቀቅሎ ወደ ቡሃቃው ስለሚመለሰው ጥቂት ሊጥ ነው። አንዳንዱ ይዘለዋል፣ አንዳንዱ ሳይበርድ ይደፋዋል።

1. የጠለለውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። አንድ ጠርሙስ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ።
2. ከሊጡ ሦስት ብርጭቆ ውሰዱና በጥቂት ውሃ በጥብጡት።
3. ለአብሲቱ ከምትጠቀሙበት ዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ የቀረውን በድስት አፍሉ። ሲፈላ የተበጠበጠውን ሊጥ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ወፈር ብሎ ብቅ ብቅ እስኪል ሦስት ደቂቃ ያህል አታቋርጡ።
4. አውርዱና አብርዱት። ጣታችሁን ነክራችሁ አስር እስክትቆጥሩ ካልቻላችሁ ገና ነው።
5. ቡሃቃው ውስጥ ገልብጡት፣ በደንብ አዋህዱት፣ ክደኑት።

የፈላ አብሲት ያፈሰሰ ሰው እርሾውን ገድሎታል፤ ሊጡ አይነሣም። ከሆነባችሁ ካስቀመጣችሁት ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ እርሾ ጨምራችሁ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ታገሡ። ቤኪንግ ፓውደር ጨምሩበት የሚሏችሁን አትስሟቸው፤ ዓይን ሊያወጣ ይችላል፣ ጣዕሙ ግን የእንጀራ አይደለም፣ ወጪም ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሊጡ ኩፍ ብሎ ፊቱ በትናንሽ አረፋ ይሸፈናል። ቀጭን መሆኑን ለማየት በጭልፋ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱት፤ ሳይቆራረጥ እንደ ክር መውረድ አለበት። ከወፈረ ለብ ያለ ውሃ በግማሽ ብርጭቆ በግማሽ ብርጭቆ ጨምሩ። ከቀጠነ ዱቄት አትጨምሩ፤ ጥሬ ዱቄት ይሸታል። ግማሽ ሰዓት አርጋችሁ የሚጠልለውን ውሃ ከላይ ቅዱለት።

ደረጃ 3፦ ሁሉን በእጅ አቅርቡ (2 ሰዓት ተኩል)

ምጣዱ ገና አልተሰካም። እነዚህ ከምጣዱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካልተደረደሩ አትሰኩት፦ ሊጡ ከነቡሃቃው፣ አንድ እንጀራ የሚይዝ ግማሽ ሊትር ገደማ ጣሳ ወይም ጆግ፣ ሰፌድ፣ ማሰሻ ጨርቅ፣ የተፈጨ ጎመን ዘር፣ እንጀራው የሚቀመጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ከንጹሕ ጨርቅ ጋር፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

ክዳኑን ጠርዙ ላይ እዩት። ከምጣዱ ጋር ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ እንጀራው በ3 ደቂቃ ፋንታ 4 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ18 እንጀራ ሲባዛ 18 ደቂቃ፣ ማለትም ሌላ 1 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ከጠርዙ የተጣመመ የብረት ክዳን በቀላል መዶሻ ይቃናል። ካልተቃና እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን ማሸግ ይቻላል፤ ጨርቁ ግን የምጣዱን ሽቦ ወይም ማብሪያውን እንዳይነካ።

ደረጃ 4፦ ማሞቅ (3 ሰዓት)

1. የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ።
2. ምጣዱን ክዳኑን ደፍታችሁ አብሩ። ክፍቱን ማሞቅ ኩሽናውን ማሞቅ ነው።
3. ከ10 ደቂቃ በኋላ ክፈቱና ጎመን ዘር ነስንሳችሁ በማሰሻው አስሱት።
4. በማንኪያ ትንሽ ሊጥ መሐሉ ላይ ጠብ አድርጉ። አምስት እስክትቆጥሩ ዓይን ካወጣ ጀምሩ፤ ካላወጣ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ጠርዙ ላይም ሞክሩ። በአንድ በኩል ዓይን እያወጣ በሌላው በኩል ሊጡ ዝም ካለ ከሥር ያለው ሽቦ ተበላሽቷል። ያን ምጣድ አዙራችሁ አዙራችሁ ለመጋገር አትታገሉ፤ ሽቦውን ማስቀየር በየሳምንቱ ከሚባክነው ጊዜና ኤሌክትሪክ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ሳያቋርጡ መጋገር

ከዚህ ጀምሮ ስልክ አይነሣ። እንግዳ ቢመጣ ሌላ ሰው ይቀበል።

1. ከጠርዝ ጀምራችሁ ወደ መሐል እያዞራችሁ አፍስሱ።
2. ዓይኑ በሙሉ እስኪከፈት ሳትከድኑ ጠብቁ። ቸኩሎ መክደን ዓይኑን ያፍነዋል።
3. ክደኑ። ጠርዙ ከምጣዱ ሲላቀቅ በስሏል፤ ከማፍሰስ እስከ ማውጣት ሁለት ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል።
4. ሰፌዱን ከሥሩ አስገብታችሁ አውጡ። በዚያው ቅጽበት ቀጣዩን አፍስሱ። ያወጣችሁትን የምታስተካክሉት አዲሱ ከተከደነ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው በእያንዳንዱ እንጀራ ግማሽ ደቂቃ ባዶ ምጣድ ያግላል።
5. በየአራት አምስቱ እንጀራ አስሱ።
6. ሊጡ ሁለት እንጀራ ሲቀረው ምጣዱን አጥፉ። ሸክላው የያዘው ሙቀት ሁለቱን ያበስላል፤ የመጨረሻው ትንሽ ቢገረጣ ለልጆች እንጎቻ አድርጉት።
7. የቆጣሪውን ቁጥርና የእንጀራውን ብዛት ጻፉ።

ስትሳሳቱ

ዓይን ያላወጣ እንጀራ። መጀመሪያ ምጣዱን ጠርጥሩ፤ አንድ እንጀራ ሳታፈሱ ሁለት ደቂቃ ከድናችሁ አግሉና እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከሆነ ሊጡ ወፍሯል ወይም ከአብሲት በኋላ አልተነሣም። ያኔ ምጣዱን አጥፉ። እያጋላችሁ ሊጥ አትጠብቁ፤ ለግማሽ ሰዓት ማጥፋትና እንደገና ማሞቅ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ከማቆየት ያነሰ ይፈጃል።

የተጣበቀ። በቢላ አትፋቁ፤ የሸክላው ፊት ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይይዛል። የቀረውን በእንጨት ጫፍ አንሡ፣ ጨው ነስንሳችሁ በደረቅ ጨርቅ እሹ፣ ጎመን ዘር ጨምራችሁ አስሱ። አዲስ ምጣድ ከሆነ ገና አልተሟሸም፤ ሳታሟሹ ሊጥ አታባክኑበት።

ሥሩ ያረረ፣ ፊቱ ያልበሰለ። ምጣዱ ከልክ በላይ ግሏል። አጥፍታችሁ አንድ እንጀራ ጋግሩና እንደገና አብሩ። ይህን የለመደ ሰው በጋገራው መሐል ሁለት ሦስት ጊዜ እያጠፋ ይቆጥባል። ለማብረድ ብላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ምጣድ ላይ አትርጩ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ውሃው ሽቦው ላይ ይደርሳል።

መብራት ሄደ። ማብሪያውን ወዲያውኑ አጥፉ፣ ስፒናውንም ንቀሉ። መብራት ሌሊት ሲመጣ ሰው በሌለበት ኩሽና ባዶውን የሚግል ምጣድ ብክነትም አደጋም ነው። ክዳኑን ሳትከፍቱ የጀመራችሁትን አብስሉ፤ ምጣዱ ግሎ ከነበረ ሌላ አንድ ሁለት ያወጣል። የቀረውን ሊጥ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። እስከ ማታ መብራት ካልመጣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ ከላይ አፍስሱበትና ተዉት፤ በማግስቱ ውሃውን ቀድታችሁ በትንሽ አዲስ አብሲት ታስነሡታላችሁ። ኮምጠጥ ይላል፣ ግን ይበላል።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ሙቀት መጠቀም

ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እጅ አያስነካም። ያደረ እንጀራ ካለ ቆራርሳችሁ በትኑበት፣ ድርቆሽ ይሆናል። ተልባ ወይም ሰሊጥ ማመስም ይቻላል፤ ተልባ ቶሎ ስለሚንጣጣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ስስ ቂጣ የሚሞክሩም አሉ፤ የእኔ ምጣድ ግን ቂጣ ለማብሰል አይበቃውም፣ መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ እንዳይሻግት ማስቀመጥ

የሳምንት እንጀራ ጋግሮ በአምስተኛው ቀን ግማሹን መጣል ሁሉንም ድካም ያጠፋል።

1. ትኩሱን አትደራርቡ። እያንዳንዱን በጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ ሲወጣለት ብቻ በላዩ ጨምሩ።
2. ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ለሦስት ቀን የሚበቃውን መሶብ ውስጥ፣ የቀረውን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ለብ ያለ እንጀራ በፌስታል ካሰራችሁ ላቡ ሻጋታ ይጠራል።
3. መሶቡ ባዶ ሳለ ተጠርጎ ፀሐይ ይንካው። አሮጌ ፍርፋሪ ያለበት መሶብ አዲሱን እንጀራ ያሻግታል።
4. አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ያያችሁበትን እንጀራ በሙሉ ጣሉ፤ ነጥቡን ቆርሶ ቀሪውን መብላት አይገባም። ለድርቆሽም አይሆንም።

ማቀዝቀዣ ለሌላችሁ የሳምንት ጋገራ አይሠራም፤ በደጋ ሦስት አራት ቀን፣ በቆላ ከዚያም ያነሰ ነው የሚቆየው። መፍትሔው ጎረቤት ነው። ሁለት ቤት ሊጡን ለአንድ ቀን አድርሶ በአንድ ምጣድ ተከታትሎ ይጋግር፦ አንዱ 9 እንጀራ እንደጨረሰ ሌላው ሳያጠፋ ይቀጥላል። የማሞቂያው 12 ደቂቃ ለሁለት ተካፈለ ማለት ነው። ክፍያውን በቆጣሪ ቁጥር ተካፈሉ፤ በግምት የተካፈሉት ሒሳብ በሦስተኛው ወር ቅሬታ ያመጣል። አንድ ሳምንት በእናንተ ቤት፣ አንድ ሳምንት በእነሱ ቤት ከሆነ ደግሞ መቁጠርም አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ሒሳቡን ማየት

የተፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት ለእንጀራው ብዛት አካፍሉ። መጻፍ በጀመርኩበት ሳምንት 18 እንጀራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር፤ ለአንዱ 0.33 ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያው 18 እንጀራ በ4.2 ወጣ፣ ለአንዱ 0.23። ምጣዱ ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው። የቀረው ሰፌድ ፍለጋ የምሮጥበት ጊዜ ነው።

የቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ወርኃዊ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ፍጆታችሁ ከእርከኑ ድንበር ትንሽ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ከምጣድ የምትቀንሷት ጥቂት ቁጥር ከጠበቃችሁት በላይ ትታያለች፤ ስለዚህ ባለፈው ወር ስንት እንደፈጃችሁ ከደረሰኛችሁ አይታችሁ ከደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ለአራት ጋገራ ጽፋችሁ ከ0.30 ካልወረደ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ክዳኑ ነው።